ሽሮዬን የነካው እጅ

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ያለው ሰው የእኔ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። እኔ አሰለፈች ከልጅነቴ ጀምሮ ጠርጣራ ነኝ። ምስር ስገዛ ከላይ የተቆለለውን አላይም፤ እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ ከሥር ዝቄ ነው የማየው። ጎረቤት ወጥ ቢልክልኝ «ምን አስባ ነው?» እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የስኳር በሽታ ያለባችሁ ሰዎች ጠባዬን አውቃችሁ ምክሬን በልኩ እንድትወስዱት ብዬ ነው። ጥርጣሬዬ ያዳነኝም ጊዜ አለ፤ ገደል አፋፍ ያደረሰኝም ጊዜ አለ።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በማግሥቱ ዓመት ነው። የምንኖረው ኮልፌ ነበር፤ ያኔ ከቤቱ ይልቅ ባሕር ዛፉ ይበዛ ነበር። ባሌ ወልዴ ጥራጥሬ ነጋዴ ነው። ጣሊያን ለሐበሻ ብሎ በከለለው አዲሱ ገበያ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ይሸጣል። ልጅ አልወለድንም። እናቱ እማማ ብርቄ ጉራጌ አገር ያለው ቀያቸው ሰላም ሲያጣ ከእኛ ጋር ሊኖሩ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። መካን ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው አማት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ፣ ጠርጣራ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

መጀመሪያ ውኃ ጥም ያዘኝ። ጠጥቼ ዋንጫውን ሳላስቀምጥ አፌ ይደርቃል። ጠጥቼ መውጣት፣ ወጥቼ መጠጣት ብቻ ሆነ ሥራዬ። በጨለማ ደጅ መውጣት ደግሞ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም፤ የጣሊያን ዘበኛ ጥላ ካየ ይተኩሳል ይባላል። በሩ ሥር ቆሜ እፈራለሁ፣ ሽንቴ ደግሞ አይጠብቅም። ከዚያ መክሳት መጣ። እበላለሁ፤ ከወልዴ እኩል እበላለሁ፤ ግን መቀነቴ ወገቤን የሚዞረው ዙር ጨመረ። ዓይኔም ይደበዝዝብኝ ጀመር።

ጎረቤት «ዓይን በልቷታል» አለ። እኔ ግን የጠረጠርኩት ውኃ የምንቀዳበትን ምንጭ ነው። ጣሊያን አንድ ነገር ጨምሮበታል ብዬ ከሩቅ ወንዝ ውኃ ማስቀዳት ጀመርኩ። ጥሙ አልተወኝም። ከዚያ ወልዴ በሰው ምክር አንድ መድኃኒት አዋቂ አመጣ። አዋቂው ዳበሰኝና «በልታ የምትከሳው የምትበላውን ሌላ እየበላባት ነው። ትል ነው፤ ኮሶ ትጠጣ» አለ። ነገሩ ልክ መሰለን። እንኳን እኛ፣ ያኔ በልቶ የከሳን ሰው ያየ ሁሉ ኮሶ ነበር የሚያዘው። ጠጣሁ። ሆዴ ያለውን ሁሉ አወጣ፤ ትል ግን የለም። የነበረችኝ ውኃ አልቃ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ልብ በሉ፤ ውኃ ጥምና ክሳት አብረው የያዙት ሰው ኮሶ እንዳይጠጣ። ይህን ብቻ አንብባችሁ ቀሪውን ብትተዉት እንኳ አልቀየምም።

ትንሽ ሲሻለኝ አስኮ በኩል ወዳለ ጠበል ወሰዱኝ። ነፍሴ አረፈች፣ ጥሙ ግን ከእኔ ጋር ገብቶ ከእኔ ጋር ወጣ። እዚያ ያገኘኋት አንዲት ባልቴት ግን ውለታዋን እስካሁን አልረሳውም። ከቁጥቋጦው ጀርባ ስወጣ ጠብቃ «እህቴ፣ የሸናሽበትን ጉንዳን ከቦታል። ወንድሜ እንዲህ ነበር፤ የስኳር በሽታ ነው ያሉት። ሳይረፍድ ሐኪም ይይሽ» አለችኝ። ማመስገን ሲገባኝ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይህች ሴት የሰው ሽንት የምታየው ለምንድን ነው?» ብዬ ነው።

ወልዴ ጣሊያን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲለኝ «አገሬን የወሰደ ሰው ደግሞ ሽንቴ ምን ሊያደርግለት ነው?» አልኩት።

«ትሞቻለሽ እኮ!» አለኝ።

«ብሞት ይሻልህ ይሆናል» አልኩት። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ ተነሣሁ።

ሐኪም ቤቱ የጣሊያን መንገድ ሠራተኞች የሚያድሩበት ካምፖ አጠገብ ነበር። ደጁ ላይ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረን እንጠብቃለን። ያን ዘመን ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም ከማንም አያወራም። አንዱ ሲያስል ሌላው ዞር ብሎ ያየዋል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ምንም ሳያማት ከጠዋት ጀምሮ ሐኪም ደጅ የምትጠብቅ ሴት! እሷም መልሳ አልጠየቀችኝም።

እኔ ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም። ሽንት በብልቃጥ አምጡ ስለተባለ ሁለት ብልቃጥ ያዝኩ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የወልዴ። ለሐኪሙ አገላብጬ ነው የሰጠሁት፤ የወልዴን «የእኔ ነው»፣ የእኔን «የባሌ ነው» ብዬ። የሚዋሽ ከሆነ ይታወቃል አልኩ በሆዴ። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ሽንቱ ላይ ሰማያዊ መድኃኒት ጠብ አድርጎ በእሳት ያፈላዋል፤ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ ካለ እንደ ሸክላ ይቀላል። አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ቀላ። ከአስመራ የመጣው አስተርጓሚ ወደ እኔ ዞሮ «እሜቴ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት። በጠና የታመሙት ባለቤትዎ ናቸው» አለኝ።

ደጅ የቆመው ወልዴ እንደ በሬ የጠነከረ ሰው ነው። እውነቱን ከመናገር በቀር ምርጫ አልነበረኝም። አስተርጓሚው ሲነግረው ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ አየኝና ሳቀ። ጠላቴ ቢሆንም ሳቁ ክፉ አልነበረም። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰውየውን ባላምነውም ብልቃጡን አመንኩት።

የታዘዘልኝን ስሰማ ግን ጥርጣሬዬ ተመለሰ። ማር፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ በሶ ክልክል። እንጀራ ቁራሽ ብቻ። ሆዴን የምሞላው በባቄላ፣ በምስር፣ በሽምብራና በጎመን ነው። «መድኃኒቱስ?» አልኩ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መርፌ አለው፤ ግን ጥቂት ነው። ለወታደሮቹ ነው የሚሰጠው» አለኝ። እንግዲህ መርፌው ለነጭ፣ ባቄላው ለሐበሻ! እንዲህ ብዬ እየተብሰለሰልኩ ቤቴ ገባሁ።

ሆኖም የባቄላ ነጋዴ ሚስት ነኝና አልቸገረኝም፤ ሞከርኩት። የገበያ ሽሮ አላምንም፤ ክብደት እንዲሞላ የማይቀላቅሉበት ዱቄት የለም። ስለዚህ ሽምብራውንና አተሩን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ አምሼ፣ ከክቼ አስፈጭ ነበር። ወፍጮው ላይ ቆሜ ካላየሁ አልመለስም። ሽሮዬን ወፍራም አድርጌ ከጎመን ጋር በማንኪያ እበላለሁ፤ እንጀራዋ ማጉረሻ እንጂ መጥገቢያ አልሆነችም። ምስሩን ሳልከካ ድፍኑን እቀቅለዋለሁ። ጠዋት በበሶ ፋንታ አሹቅ እበላለሁ፤ ባቄላውን ቆላ አድርጎ፣ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ። ቦቆልትም አበቅል ነበር፤ የበቀለ ባቄላ ሆድ አይነፋም። አብሽ ዘፍዝፌ ውኃውን እጠጣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሆዴ ከበሮ ሆነ፤ ወልዴ አልጋ ሊለይ ምንም አልቀረውም። ቀስ እያለ ግን ሰውነቴ ለመደው። ጥሙ ቀለለኝ። መቀነቴ አንድ ዙር መለሰች። ወደ ሐኪሙ ስመለስ ብልቃጡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ አረንጓዴ ተጠጋ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ጣሊያኑን እጅ ነሣሁት።

እማማ ብርቄ ግን ደስ አላላቸውም። ማዕዴን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ይህ ጣሊያን በጥይት ያልጨረሰንን በረሃብ ሊጨርሰን ነው» ይላሉ።

«ኧረ ተሽሎኛል እማማ።»

«የታመመ ሰው ገንፎ አትብላ የሚባልበት አገር የት ነው? እህሉን ለወታደሩ ሊያደርገው ነው እንጂ!»

እሳቸውም የኔ ቢጤ ጠርጣራ ነበሩ። ያኔ ግን ይህን ለማየት ልብ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽሮ ሳማስል የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ዞር ብዬ ድስቱን አየሁ፣ ደኅና ነው። ሽታው የእግሬ ነበር። ፍም ረግጬ ቆሜያለሁ፣ ምንም አልተሰማኝም። ስኳር እንዲህ ነው፤ የእግርን ስሜት ሰርቆ ይወስዳል። ባዶ እግራችሁን ምድጃ ዳር አትቁሙ፣ እግራችሁን በየቀኑ ገልብጣችሁ እዩ። ሐኪሙ ቁስሉን ጠርጎ አዮዲን የሚሉትን ቡናማ የቁስል መድኃኒት ቀባኝና በአስተርጓሚው አፍ «ስኳሩ ዝቅ ካለ ይድናል፤ ካልወረደ እግሩ ይቆረጣል» አለኝ። እግር የሌላት መካን! ያን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣ። ወልዴ ሌላ አግብቶ እኔ ጥግ ተቀምጬ የልጆቿን ጨዋታ ስሰማ ይታየኝ ነበር።

መቆም ስላልቻልኩ ወጥ መሥራቱን እማማ ብርቄ ያዙት። ሽሮው ያው ሽሮ ነው፣ ድስቱም ያው። ጥሙ ግን ተመለሰ። ቁስሉ አፉን ከፈተ፣ ብልቃጡም እንደገና ሸክላ መሰለ። ሐኪሙ ተቆጣ፣ «የሚበሉትን ይደብቁኛል» አለ። እኔ ደግሞ ምንም አልደበቅኩም። ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው የሚያማስለው እጅ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዓይኔ ከእማማ እጅ አልተነሣም።

ጓዳዬ ከማድቤቱ የሚለየው በሸንበቆ ግርዶሽ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ተኝታለች ብለው ሲያስቡ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው። ከጉያቸው የተቋጠረ ነገር አወጡ። ወደ በሩ ገልመጥ አሉ። ፈቱትና ነጭ ዱቄት ዘግነው ሽሮዬ ውስጥ በተኑት። አማሰሉት። ቋጠሮውን መልሰው ጉያቸው ከተቱ።

ሽሮው ሲቀርብልኝ «እማማ፣ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። የትልቅ ሰው ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ቀምሶ እንደሚሰጠው ማለቴ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። በማንኪያ ዛቅ አድርገው ዋጡ፤ ደገሙም። እኔ ግን ይህም አላጽናናኝም፤ ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ አሮጊትን በሁለት ማንኪያ አይገድልም አልኩ። ለወልዴ አልነገርኩትም። ለማን ይፈርዳል? እናቱ ናቸው። በማግሥቱ እማማ ሊታጠቡ ወደ ደጅ ሲወጡ ቋጠሮውን መደባቸው ላይ ትተውት ሄዱ። እየዳኽሁ ሄጄ ቆንጥሬ ወሰድኩና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ወልዴ በበቅሎ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ዱቄቱን ጠረጴዛው ላይ ፈትቼ «ይህ ምን መርዝ ነው?» አልኩ። አስተርጓሚው ደነገጠና በሩን ዘጋው። ሐኪሙ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። ከዚያ እግሬን የቀባበትን የቁስል መድኃኒት ጠብ አደረገበት። ነጩ ዱቄት እንደ ከሰል ጠቆረ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ይረጋጉ እሜቴ» አለኝ አስተርጓሚው። «የጠቆረው ምግብ ስለሆነ ነው። የዳቦና የድንች ዓይነት ዱቄት እንዲህ ይሆናል።»

«ማን ያውቃል? ዳቦውንም አሳዩኝ» አልኩ። ወረፋ ከሚጠብቅ የመንገድ ሠራተኛ ቁራሽ ዳቦ ተለመነልኝ። ጠብ ሲያደርግበት ያም ጠቆረ። ሠራተኛው ምሳውን ያበላሸችበትን ሴት እንዴት እንዳያት አትጠይቁኝ።

ሐኪሙ ካልጠቆረው ዱቄት ቆንጥሮ ወደ ምላሱ አስጠግቶ ቀመሰና የሆነ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «የእንሰት ዱቄት ይመስለኛል፣ ጉራጌ አገር አይቼዋለሁ ይላል። ለጤነኛ ደኅና ምግብ ነው። ባቄላው ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው፤ ይህ ግን ወዲያው ስኳር ይሆናል። እርስዎን የጎዳዎት ይህ ነው» አለኝ።

ቡላ! ከእንሰት የሚወጣው ቡላ። ገንፎ ሆኖ በቅቤ ሲበላ ነው እንጂ ደረቁን አይቼው አላውቅም ነበር። በአማቴ አገር አራስና በሽተኛ የሚጠገነው በቡላ እንደሆነ ግን ሰምቻለሁ።

ቤት ስገባ እማማ ብርቄ ሽምብራ ይለቅማሉ። ቋጠሮውን ፊታቸው ጣልኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቡላ ነዋ።»

«ለምን ደበቁኝ?»

«ብነግርሽ ትበይው ነበር? ያ ጣሊያንሽ ከልክሎሻል።»

«እግሬ ሊቆረጥ ነው በዚህ ቡላ! ሞቼልዎት ልጅዎ የምትወልድ እንዲያገባ ነው?» አልኳቸው። ለወራት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ቃል ወጣ። ወልዴ በቅሎዋን አስሮ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

እማማ የያዙትን ሽምብራ ሰፌዱ ላይ መልሰው አፈሰሱ። አልጮሁም።

«አንቺ እንድትሞቺ ብፈልግማ ምን አደከመኝ? እየሞትሽ አልነበር? እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብል አይበቃኝም ነበር?» አሉ።

ወልዴ ገባና አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ «እናቴ፣ ይህ እኮ ለራስዎ ያመጡት ነው» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጥርስ የላቸውም፤ እዚህ ያለው ቆሎና ባቄላ አይሆናቸውም። ከአገር ሲወጡ ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ሌላ አይመጣም» አለኝ። እኔ ደግሞ አሮጊቷ ማታ ማታ «ጠግቤያለሁ» የሚሉት ሲኮሩብኝ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ጎዳሽ ያለው ፈረንጅ ነው። እኔ አላምነውም» አሉ። «እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ይመርምሩት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሽሮውን ያለ ቡላ ሠሩልኝ፤ ምስሩን ድፍኑን ቀቀሉልኝ። ጥሜን ይጠይቁኛል፣ ቁስሌን በየቀኑ ገልብጠው ያያሉ። የውኃ ዋንጫዬ ሲቀንስ ዝም አሉ። የቁስሉ ዳር እየቀላ ሲጠብ ዝም አሉ። ሐኪሙ ዘንድ አብረውኝ ሄደው ብልቃጡ ሲፈላ ከማንም ቀድመው አንገታቸውን አሰገጉ። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። አስተርጓሚውን «ድገሙት» አሉት። ደገሙት። እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው።

እግሬ ዳነ፤ ጠባሳው ብቻ ቀረ። በሽታው ዛሬም አብሮኝ አለ፤ ባቄላ አያጠፋውም፣ ልጓም ነው የሚያገባለት። የዛሬ ሕመምተኞች መርፌውንም ኪኒኑንም ታገኛላችሁና ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ሽሮ ይበቃኛል እንዳትሉ። የሚያበስልላችሁን ሰው ግን ምን እንደሚጎዳችሁና ለምን እንደሚጎዳችሁ አስረዱት። እኔ «ክልክል ነው» አልኩ እንጂ ምክንያቱን ለእማማ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። በመጠርጠሬ አልጸጸትም። ዝም ብዬ ብበላ ኖሮ ዛሬ በአንድ እግር ነበርኩ።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግሥት የተረፈውን ቡላ ለእማማ ገንፎ አድርጌ በቅቤ አቀረብኩላቸው። ሳህኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ምን ጨመርሽበት?» አሉ።

ይቀልዱ ይሆን አይሆን መለየት አልቻልኩም።

«ቅቤና ጨው ብቻ።»

«እስቲ ቅመሺልኝ።»

ልክ ናቸው፤ እኔ ያስተማርኳቸው ነው። በጣቴ ቆርሼ አንሥቼ ወደ አፌ ወሰድኩ። ስኳሩ ቢወጣም ይውጣ ብዬ ነበር። ከንፈሬ ሳይደርስ እማማ ብርቄ የእጄን አንጓ ያዙኝ። አጥብቀው ነው የያዙኝ። እጄን ወደ ራሳቸው አፍ መልሰው ገንፎውን ጎረሱት።